ጣቶቿን የበላው ክፍያ

ተኳሿ ነበር የምንላት። ጠብመንጃ ነክታ አታውቅም፤ የምትተኩሰው ሸሚዝ ነው። የምንሠራበት ላውንደሪ ቤት መስኮት ሥር አንድ የእንፋሎት ካውያ አለ፤ ከሱ ፊት አሥራ አንድ ዓመት ቆማለች። እኔ ደግሞ ከጎኗ፣ ጥጉ ላይ፣ በስፌት መኪናዬ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የተነቀለ ቁልፍ እተካለሁ። በሁለታችን መካከል ያለው የልብስ መስቀያ ብቻ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁን ነገር ከሰው አፍ አልለቀምኩትም።

አስቀድሜ ልናገር፤ ቁጡ ነኝ። እናቴ "ይህቺ ልጅ አፏ ቀድሞ ነው የተወለደው" ትለኝ ነበር። ይህን ታሪክ ረጋ ብዬ እንድነግራችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ። ተኳሿ ግን የእኔ ተቃራኒ ናት። ድምጿ ከእንፋሎቱ በላይ ወጥቶ አያውቅም። ሲቆጧት "እሺ" ትላለች፣ ሲያመሰግኗትም "እሺ" ትላለች፤ አንዳንዴ የሁለቱ ልዩነት የገባት አይመስለኝም ነበር።

ሥራዋን ግን ታውቃለች። ጓንት አታደርግም። የላውንደሪው ባለቤት ወፍራም ጓንት ገዝቶ ከካውያው በላይ ሚስማር ላይ ሰቅሎላት ነበር፤ እዚያው እንደተሰቀለ አቧራ ጠጣ። "ጓንት ያደረገ እጅ እርጥበት አያውቅም" ትላለች። ጨርቁን በጣቶቿ ጫፍ ዳሰስ ታደርግና ይኼ ገና ነው፣ ይኼ በቃው፣ ይኼ ትንሽ ውሃ ይፈልጋል ብላ ትለያለች። ሐር የሆነ እንደሆነ ካውያውን ከማሳረፏ በፊት ሁለት ጊዜ ትዳስሰዋለች። አንገቱ ላይ ቆሻሻ የቀረ ሸሚዝ ከመጣላት ወደ ማጠቢያው ክፍል አትመልሰውም፤ ባለቤቱ መመለስ አይወድም። በረኪና ጠብ ታደርግበትና በአውራ ጣቷ ፈትጋ ታስለቅቀዋለች። እንግዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በበረኪናና በእሳት መካከል ነው የኖረችው። ጣቶቿ አልቆ ሊጣል እንደደረሰ ሳሙና ለስልሰው ነበር። ግን የሰው ጣት ማን ያያል?

አንድ ልጅ አለቻት። አባትየው ልጅቷ ጥርስ ሳታበቅል ነው የጠፋው፤ ስለሱ ከዚህ በላይ የምናገረው ስድብ ስለሚሆን ይቅር። ወደዚህ አገር የገባችው ልጇን አዝላ ነው። ልጅቷ የአገሩን ቋንቋ እንደ ተወላጅ ትናገራለች፣ ትምህርቷንም ከፊደል ጀምራ እዚሁ ነው የተማረችው። ወረቀቷ ግን እንደ እናቷ የእንግዳ ወረቀት ነው፤ በየዓመቱ የሚታደስ። ከትንሽነቷ ጀምሮ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ አዋላጅ እሆናለሁ። የሰፈር ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ሌሎቹ ሙሽራ ይሆናሉ፣ እሷ አሻንጉሊት ታዋልዳለች። አንድ ጊዜ የእኔን የመርፌ ትራስ መንታ አዋልዳዋለች። የአዋላጆች ትምህርት ቤት ደግሞ ዜጋ ያልሆነ ሰው አይቀበልም።

ሕጉ እንዲህ ነው። እናት ዜግነት ስታገኝ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ በእሷ ፋይል አብሮ ያገኛል፤ ሌላ ክፍያ የለበትም። ዕድሜው ካለፈ ግን እንደ ማንኛውም እንግዳ የራሱን ማመልከቻ ከራሱ ክፍያ ጋር ይዞ፣ የራሱን አሻራ ሰጥቶ፣ ከሰልፉ ጫፍ ይጀምራል። ልጅቷ አሥራ ሰባት ሞልቷት ነበር። የተኳሿ ጭንቀት ሁሉ ይኼው ነው፤ ልጄ በእኔ ፋይል ትግባልኝ።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስትጠብቅ ነበር?" የሚል አይጠፋም። ክፍያውን ነዋ! ገንዘቡን ለማጠራቀም ዓመታት ይፈጅባታል፤ ሞላልኝ ስትል ክፍያው ይጨምራል። ልጆች ሆነን የራሳችንን ጥላ ለመርገጥ እንደምንሮጠው ማለት ነው፤ እሷ አንድ ስትራመድ እሱም አንድ ይራመዳል። መጨረሻ ላይ ከሦስት ወር ደሞዟ በላይ ሆኖ ነበር። ያውም ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ የቤት ኪራይ ሳይከፈል የሚቆጠር ሦስት ወር።

የተተኮሰውን ልብስ ለየሆቴሉ የሚያደርስልን ሾፌር አለ። ከሁላችንም ቀድሞ የመጣ፣ ዜግነቱን ከወሰደ ብዙ ዘመን የሆነው፣ ጋዜጣ የሚያነብና ያነበበውን ሁሉ እኛ ላይ የሚያራግፍ ሰው ነው። አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ወሬው ወደዚሁ ክፍያ ዞረ።

"እኔ ትክክል ነው ባይ ነኝ" አለ። "መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ አለው፣ ሠራተኛው ደሞዝ አለው። እናንተ ለምትወስዱት ወረቀት ሌላው ሰው ለምን ከኪሱ ይክፈል?"

"አንተ ስትወስድ ስንት ከፈልክ?" አልኩት።

"ያኔ ሌላ ነበር።"

"ስንት?"

ስኳር ያልጨመረበትን ሻይ ማማሰል ጀመረ። "የሳምንት ደሞዝ ቢሆን ነው።"

"ታዲያ ከሳምንት ወደ ሦስት ወር ምን አሳደገው? ወረቀቱ ወፈረ? ወይስ የሚያየው ሰውዬ ዐይን ተወደደ?"

"አንቺ ደግሞ ነገር ማጣመም ትወጃለሽ። በርካሽ የተገኘ ነገር አይከበርም። ውድ ሲሆን ነው ሰው የሚያከብረው።"

"አንተ በርካሽ ነው ያገኘኸው። አታከብረውም ማለት ነዋ!"

የማጠቢያ ክፍሉ ሴቶች ሳቁበት። ተኳሿ ግን አልሳቀችም። ብርጭቆዋን ይዛ ወለሉን እያየች፣ "ጋሼ እውነታቸውን ነው" አለች። "እኔም አልከፍልም አላልኩም። ግን ጋሼ፣ ከደሞዜ ግብር ሲቆረጥ ስንት ዓመቱ ነው። እሱ አይቆጠርልኝም?"

ሾፌሩ ሻዩን ጨለጠ። "አይዞሽ፣ ሳይደግስ አይጣላም" ብሎ ቁልፉን አንሥቶ ወጣ። እሱ መልስ ሲያጣ ነገሩን ወደ ላይ ነው የሚያስተላልፈው።

እኔ በበኩሌ አመልክቼ አላውቅም። የእንግዳ ወረቀቴን በየዓመቱ እያሳደስኩ እዚሁ እሞታለሁ ብዬ ከቆረጥኩ ቆይቻለሁ። ምክንያቴም ቀላል ነው። እኔ ሱሪ አሳጥሬ ባበላሽ ገንዘቡን እመልሳለሁ፤ ሱሪውን ዐይቼ "አይሆንም" ካልኩ ደግሞ መጀመሪያውኑ አልቀበልም። ሱሪ ስላየሁ ብቻ ሦስት ወር ደሞዝ ብወስድ ሰዉ ሱቁን በላዬ ላይ ያፈርሰው ነበር። መንግሥት ሲያደርገው ግን ሥርዓት ይባላል።

በዚያው ሰሞን የተኳሿ ገንዘብ ሞላ። አብሬያት ሄድኩ፤ ብቻዋን ከሄደች "እሺ" ብላ ትመለሳለች ብዬ። መሥሪያ ቤቱ ረጅም አዳራሽ ነው። ወለሉ ያበራል፣ ወንበሮቹ በብረት እርስ በርስ ተያይዘዋል፤ አንዱ ሰው ሲቀመጥ ሌላው ይነቃነቃል። በመጀመሪያው መስኮት ይከፈላል። ተቀባዩ ገንዘቡን በማሽን አስቆጠረና ቀና ሳይል ደረሰኝ ወረወረልን። ደረሰኙ ላይ "የማይመለስ" የሚል ቀይ ማኅተም አለበት። ተኳሿ አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ሁለተኛው መስኮት የአሻራ ነው። እዚያ ያለችው ጸሐፊ ወጣት ናት፤ ደግ ፊት እንዳላት አልክድም። "እናቴ፣ አራቱን ጣት አንድ ላይ እዚህ መስታወት ላይ ያሳርፉልኝ" አለቻት። አሳረፈች። ቀይ መብራት በራ። "እስኪ ጫን ያድርጉት።" ቀይ። "እስኪ ቀለል ያድርጉት።" አሁንም ቀይ። ቀኙን ትተው ግራውን ሞከሩ፣ አውራ ጣቶቿን ለብቻ ሞከሩ። በመጨረሻ ጸሐፊዋ የተኳሿን እጅ በመስኮቱ ቀዳዳ ሳብ አድርጋ ገልብጣ አየችው።

"እናቴ፣ ጣትዎ አሻራ የለውም።"

"እንዴት የለውም? ይኸውና ጣቴ!"

"ጣቱማ አለ። መስመሩ ነው የጠፋው። ምንድን ነው የሚሠሩት?"

"ልብስ እተኩሳለሁ።"

ጸሐፊዋ ከንፈሯን መጠጠች። ለወሩ መጨረሻ ሌላ ቀጠሮ ሰጠችን፤ ያኔ ካልሆነ ፋይሉ እንደሚዘጋ ነገረችን። ተኳሿ በዚያ ወር አንድ ቀን ከሥራ አልቀረችም፤ ብትቀር ማን ያበላታል? በቀጠሮው ቀን መብራቱ እንደገና ቀላ፣ ፋይሉም ተዘጋ። ይኼኔ ነው እኔ የፈነዳሁት።

"በማሽን ካልሆነ በሌላ መንገድ አይቻልም? የሐኪም ወረቀት እናምጣ?"

"የሐኪም ወረቀት እጅ ለሌለው ሰው ነው" አለች ጸሐፊዋ። "እሳቸው እጅ አላቸው።"

"እሺ ገንዘቧስ?"

"ክፍያው እኮ ማመልከቻውን ለማየት ነው፤ ዜግነቱን ለመስጠት አይደለም።"

"መች አያችሁት? አንድ ገጽ ገልጣችኋል? ያያችሁት ጣቷን ነው!"

አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዘበኛው ጠጋ አለ። ተኳሿ ክንዴን ይዛ "ተይ እቴ፣ እሷ ምን ታድርግ" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ጸሐፊዋ ምን ታድርግ። እዚያ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ የማይል ሰው የለም፤ ከዘበኛው እስከ ላይኛው ድረስ ሁሉም ምን ላድርግ ነው የሚለው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ እኔም ጮኼ ጮኼ አብሬያት ወጣሁ።

ልጅቷ ስትሰማ ትምህርቴን አቋርጬ ልሥራ አለች። እናትየዋን ስትቆጣ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። "አንቺ መጽሐፍሽን ያዢ" አለቻት፤ ጠረጴዛውን በመዳፏ መትታ። ከዚያ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ሁለተኛውን ክፍያ ለማግኘት ተኳሿ ሌላ ሥራ ጨመረች፤ ከላውንደሪው በፊት ጎህ ሲቀድ የአንድ ሕንፃ መጸዳጃ ቤቶችን ታጥባለች። በምን? በበረኪና። ክፍያውን ለመክፈል ጣቷን ትጨርሳለች፣ የሚከፈለው ደግሞ ጣቷን ለማሳየት ነው። ይህን ስነግራት፣ "ሌላ የማውቀው ሥራ የለም" አለች። ወራት ሄዱ። የልጅቷ ልደት እየቀረበ መጣ። ገንዘቡ ሞላ፤ በነገራችን ላይ ክፍያው በመካከሉ አንድ ጊዜ ጨምሮ ነበር፤ የጎደለውን እኔና የማጠቢያ ክፍሉ ሴቶች ሞላን። ከፈለች፣ ደረሰኟን ተቀበለች፣ ለአሻራ የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ተሰጣት። ቀጠሮው ከልጅቷ ልደት በፊት የነበረው የመጨረሻ ዕድል ነው።

የመድኃኒት ቤቷን ሴትዮ አማከርኳት። "ቆዳ ይመለሳል" አለችኝ። "ውሃ አትንካ፣ በረኪና አትንካ፣ እሳት አትጠጋ። ቫዝሊን ትቀባ፣ ቀንም ማታም። ሦስት ሳምንት ካረፈች መስመሩ ብቅ ይላል።" ምክሩ ጥሩ ነው። ግን ተኳሽ ከእሳትና ከውሃ ርቃ ምን ሆና ነው ደሞዝ የምትበላው?

እዚህ ላይ ላውንደሪ ቤታችን አንድ ነገር አደረገ፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ደስ ይለኛል። ተኳሿ ሕንፃ ማጠቡን ተወች። ባለቤቱ ሲመጣ የመኪናውን ድምፅ እናውቀዋለን፤ ያኔ ካውያው ፊት ትቆማለች፣ እጀታውን በጨርቅ ይዛ። ሲሄድ እሷ የእኔ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ እተኩሳለሁ። የእኔ ስፌት ሲከመር ከማጠቢያው ክፍል አንዷ ትመጣለች። ከሁሉም የገረመኝ ያ ሾፌር ነው። አንድ ቀን ኮቱን አውልቆ፣ "አምጡት፣ አንሶላ ማን ያቅተዋል" ብሎ ካውያውን ጨበጠ። የመጀመሪያውን አንሶላ መሃሉን አቃጠለው፤ ሽታው ለሁለት ቀን አለቀቀንም።

"በርካሽ የተገኘ ነገር አይከበርም አላልክም?" አልኩት።

"ክፍያው ትክክል ነው አሁንም" አለ፣ ላቡን እየጠረገ። "ይህቺ ሴት ግን ሌላ ነገር ናት።"

አንሶላውን ቆርጬ የትራስ ልብስ አደረግሁት። ባለቤቱ አልቆጠረውም።

የተቸገረችው ራሷ ተኳሿ ናት። ሥራ መፍታት አታውቅበትም። ከዚያ በላይ ደግሞ ቅባቱ አሳፈራት። ላውንደሪ ቤት ውስጥ ቅባት ያለው እጅ ማለት ሌባ ማለት ነው፤ ንጹሕ ልብስ አጠገብ አይደርስም። መዳፎቿን ወደ ላይ ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትውላለች። ነጭ አንሶላ በአጠገቧ ሲያልፍ ትሸሻለች። "እጄ ቆሸሸ" ትለኝ ነበር። "መድኃኒት ነው እንጂ ቆሻሻ መች ሆነ" እላታለሁ። "እሺ" ትላለች። እሺ ስትል ደግሞ አመነችኝ ብዬ ተውኩት።

ልጅቷ በየቀኑ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ላውንደሪው መምጣት ጀመረች። የእናቷን ጣት በስልኳ ካሜራ አጉልታ ታያለች። አንድ ቀን ጮኸች። "እማዬ፣ መጣ! እትዬ፣ ነይ እይው! ክብ ክብ ሠርቷል!" ሁላችንም ከበብናት። እውነትም ከአመልካች ጣቷ ጫፍ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ተጠቅልለው ታዩን። የማጠቢያ ክፍሉ ሴቶች እልል አሉ። ተኳሿ የራሷን ጣት እንደ ሌላ ሰው ጣት አተኩራ አየችው። ከዚያ ሳቀች። ጥርሷ እንደዚያ ያማረ መሆኑን አላውቅም ነበር።

የቀጠሮው ዕለት ጧት ልወስዳት ወደ ቤቷ ሄድኩ። የምትኖርበት ክፍል ከአንድ መጋዘን በላይ ነው፤ ደረጃው ጠባብ ነው። ልጅቷ ፈተና ስለነበረባት ቀድማ ወጥታለች። ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ያን ሽታ በሕልሜም አውቀዋለሁ። በሩ ሲከፈት ተኳሿ አምሮባት ቆማለች፤ ቀሚሷ ተተኩሶ፣ ጸጉሯ ተይዞ። እጆቿ ቀይ ናቸው። ገበታ ላይ ሳፋ አለ፣ ከሳፋው አጠገብ ብሩሽና የበረኪና ጠርሙስ።

"ምን አደረግሽ?"

"ታጠብኩ" አለችኝ።

"ምን አደረግሽ አንቺ ሴትዮ!"

"ቅባት ቅባት ይል ነበር እኮ። ያን የመሰለ መስታወት በቅባት እጅ ልንካ? አሰብኩት ደግሞ። ያን ጊዜ ያልተቀበለኝ ቆሽሾ እንደሆነስ? ስለዚህ ዛሬ በደንብ አድርጌ አጸዳሁት።" እጆቿን ዘረጋችልኝ፣ አበጀሽ እንድላት። "እይው፣ ምንም የለበትም።"

ምንም አልነበረበትም። ሦስት ሳምንት የበቀለው ለጋ ቆዳ ተልጦ ሥጋው ያብለጨልጫል። አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርናት ይህንኑ ነው፤ ጥሩ ነገር ማለት በበረኪና የጸዳ ነገር ማለት ነው። ሰው ፊት ስትቀርቢ ንጹሕ ሁኚ ብላ ያላሳደገች እናት የት አለች? አልጋዋ ላይ ቁጭ ብዬ ፊቴን ሸፈንኩ። እሷ ገና አልገባትም ነበር፤ "አሞሻል እንዴ፣ ውሃ ላምጣልሽ?" ትለኛለች።

ሄድን፤ ምን ምርጫ አለን? በመንገድም አልነገርኳትም። አዳራሹ ያው ነው፣ ጸሐፊዋም ያችው ናት፤ ስታየን ፈገግ አለች። "እንዴት ነዎት እናቴ፣ አረፉ?" ተኳሿ አራት ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። ቆዳዋ ሳስቶ ስለነበር ሲነካ አመማት፤ ትከሻዋ ሲሰበቅ አየሁ። ቀይ በራ። ጸሐፊዋ መስታወቱን በጨርቅ ጠረገች። እንደገና ቀይ። እንደገና። መስታወቱ ላይ ትንሽ ደም ቀርቶ ነበር። ጸሐፊዋ እሱንም ጠረገችው፤ ቀና ብላ አላየችንም።

"አዝናለሁ እናቴ" አለች። "በድጋሚ ማመልከት ይችላሉ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ክፍያው ይስተካከላል።"

"ይስተካከላል ማለት?" አልኳት።

"ይጨምራል።"

አልጮህኩም። የምጮኸው ተስፋ ሲኖረኝ እንደነበር ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ተኳሿ "እሺ" ብላ ተነሣች። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ቆመች፤ ሰዉ በግራ በቀኝ እየገፋት ያልፋል። መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው።

"ንጹሕ ነበር እኮ" አለችኝ።

እዚያው ደጃፍ ላይ፣ ሰዉ መሃል፣ አለቀስኩ። እሷ ናት የምታባብለኝ።

ልጅቷ አሥራ ስምንት ሞላት። ኬክ አልተቆረሰም፣ ሻማ አልበራም፤ ያን ቀን ማንም ስለ ዕድሜ አላወራም። የአዋላጆች ትምህርት ቤት ያለ እሷ ተከፈተ። የእናቷ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ሄዷል፤ ከእንግዲህ በእናቷ ፋይል የምትገባበት ቀዳዳ የለም። የራሷን ማመልከቻ ታስገባለች፣ ለዚያም የራሷን ክፍያ ትሠራለች። የእንግዳ ወረቀት ይዞ የሚገኘው ሥራ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሾፌሩ ከባለቤቱ ጋር ተነጋገረላት፤ ከእናቷ ጎን ሌላ ካውያ ተተከለ። ሾፌሩ ስለ ክፍያው ትክክለኛነት ማውራት ትቷል። ሻዩን ጠጥቶ ይወጣል።

ልጅቷ ሥራ የጀመረች ቀን ተኳሿ ያን አቧራ የጠጣ ጓንት ከሚስማሩ ላይ አወረደች። አራገፈችው፣ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው። ከዚያ የልጇን እጅ ይዛ ጣቶቿን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያዞረች አየቻቸው፤ መስመሮቹ እንዳሉ ናቸው። ጓንቱን ራሷ አጠለቀችላት።

"እንዳታወልቂው" አለቻት። "ምንም ቢሆን እንዳታወልቂው። ቀጠሮሽ እስኪደርስ።"

"እሺ እማዬ።"

ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ግን ጓንት ያደረገ እጅ እርጥበት አያውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሸሚዝ አቃጠለች። በሁለተኛው ሳምንት የአንዲት ደንበኛ የሐር ቀሚስ ደረቱ ላይ ቢጫ ሆነ። ባለቤቱ መጥቶ ቀሚሱን አነሣው፣ አየው፣ ዋጋውን ከደሞዟ እንደሚቆርጥ ነገራት። አንድ እንዲህ ያለ ቀሚስ ከተደገመ ደግሞ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ አለ። ሳይጮህ ነው የተናገረው። የተቆረጠባት ለማመልከቻው ያስቀመጠችው ነበር።

ባለቤቱ ሲወጣ ልጅቷ ካውያው ፊት ቆማ ቀረች። እንፋሎቱ ይጮሃል። እኔ መርፌ ውስጥ ክር እያስገባሁ ነበር፤ ክሩ እምቢ አለኝ። ልጅቷ መጀመሪያ የቀኙን ጓንት አወለቀች፣ ከዚያ የግራውን። አጣጥፋ መልሳ ሚስማሩ ላይ ሰቀለቻቸው። ቀጣዩን ጨርቅ በጣቶቿ ጫፍ ዳሰስ አደረገችና ካውያውን አሳረፈች።

እናትየዋ አየቻት።   አንገቱ የቆሸሸውን፣ በረኪና የሚፈልገውን ሸሚዝ ከልጇ ፊት አንሥታ ወደ ራሷ ወሰደችውና፣ ንጹሑን አቀበለቻት።